የአርኖልድን ፎቶ አድንቁ፣ ግን ተጠንቀቁ

እ.ኤ.አ. በ1893 የተካሄደውን የቺካጎ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ፎቶግራፎች እያዩ «ድሮ ቀረ!» የሚሉ ሰዎች ትዕግሥቴን ጨርሰውታል። ነጫጭ ቤተ መንግሥት መሳይ ሕንፃዎች፣ ጭር ያለ አደባባይ፣ የረጋ ኩሬ። ማማሩንስ ያምራል! ግን የምታደንቁት ምኑን ነው? ጀሶውን? ከቃጫ ጋር ተለውሶ በብረትና በእንጨት ላይ የተለሰነ፣ ነጭ ቀለም የተነፋበት ጀሶ ነው እኮ! ለስድስት ወር ድግስ የቆመ ነገር፣ በዓመቱ ሐምሌ እሳት ሲነሣበት እምሽክ አለ።

ፎቶው ራሱ ደግሞ ንጹሕ ምስክር አይደለም። ቻርልስ ዳድሊ አርኖልድ የኤግዚቢሽኑ ይፋ ፎቶ አንሺ ሆነ። ጎብኚው ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ ይዞ እንዳይገባ ተከለከለ፤ የእጅ ካሜራ ከያዘም በቀን 2 ዶላር ክፈል ተባለ። መግቢያው 50 ሳንቲም ነበር፤ የካሜራው ዋጋ አራት እጥፍ! አዘጋጆቹ በመረጡት በኩል ብቻ እንድናያቸው ፈለጉ፣ እኛም ከ130 ዓመት በኋላ እሺ ብለን እያየን ነው።

ከዋናው አደባባይ ወጣ ብሎ፣ ሚድዌይ በተባለው የመዝናኛ ጎዳና፣ ከምዕራብ አፍሪካዋ ዳሆሜ የመጡ ሰዎች በመንደር መልክ በተሠራ ቅጥር ውስጥ ለተመልካች ቀርበው ነበር። የሚድዌይ ሰዎችም ፎቶ ተነሥተዋል፤ የሰው ዘር ናሙና ተብለው በመጽሐፍ ታትመዋል። ጥቁር አሜሪካውያንስ? በኤግዚቢሽኑ ብሔራዊ ኮሚሽን ውስጥ አንድም ሙሉ አባል አልነበራቸውም። ጥቁር አሜሪካዊቷ ጋዜጠኛ አይዳ ቢ. ዌልስ ከጸረ ባርነት ታጋዩ ከፍሬድሪክ ዳግላስና ከሌሎች ጋር የጥቁሮቹን መገለል ምክንያት የሚዘረዝር ጽሑፍ አሳትማ እዚያው ግቢ ውስጥ አደለች። ዳግላስ፣ ያ አንጋፋ ሰው፣ በገዛ አገሩ ድግስ ላይ መቀመጫ ያገኘው በሄይቲ አዳራሽ፣ የሄይቲ ወኪል ሆኖ ነው። ከዚህ የባሰ ውርደት ለአስተናጋጅ ይኖራል?

ካሜራ ሌላም ሥራ መሥራት ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1900 የፓሪስ ኤግዚቢሽን ጥቁር አሜሪካዊው ምሁር ደብልዩ ኢ. ቢ. ዱ ቦይስ ከ300 በላይ ፎቶግራፎችን በአልበም አሰናድቶ አቀረበ፤ አብዛኞቹ የጆርጂያ ጥቁሮች ናቸው። የአትላንታው ፎቶ አንሺ ቶማስ አስኪው ያነሣቸውም አሉበት። ባለሱቆች፣ ተማሪዎች፣ ክት ልብሳቸውን የለበሱ እመቤቶች፣ ዓይናቸውን ከካሜራው የማይሰብሩ ሰዎች። ስንቶቻችሁ አይታችኋቸዋል? በዋሽንግተን የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አሉ፤ ለማየትም ሁለት ዶላር የሚጠይቅ የለም።