ሱስ እንደ ወጥ ሲቀመም

«ማን አስገድዶህ አጨስክ?»

ይህችን ጥያቄ ያልሰማ አጫሽ ያለ አይመስለንም። እናት ትጠይቃለች፤ ሐኪም ይጠይቃል፤ የነፍስ አባት ይጠይቃሉ፤ ፍቅረኛም ሽታው ሲመራት ትጠይቃለች። ጥያቄዋ በራሷ ክፋት የላትም። ችግሩ ለትምባሆ ፋብሪካዎች ከዚህች የበለጠ የምትጥም ጥያቄ አለመኖሯ ነው። አጫሹ አንገቱን ደፍቶ «የራሴ ጥፋት ነው» ሲል፣ ፋብሪካው ከጎን ቆሞ «አላልናችሁም? የራሱ ምርጫ ነው!» ይላል። ከዚያ ሁሉም ወደ ቤቱ።

እኛ ዛሬ ጥያቄዋን ልንገለብጣት ነው የመጣነው። ያቺን አንድ ፍሬ ሲጋራ ማን ሠራት? ውስጧ ያለው ኒኮቲን ይህን ያህል እንዲሆን ማን ወሰነ? ዝናብ ነው? አፈር ነው? ወይስ ነጭ ጋዋን የለበሰ፣ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው?

(ከአዋጁ ቁጥር በስተቀር ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቅጠል ሳይሆን ቅይጥ

ብዙዎቻችን ሲጋራን የምናስበው እንደ አያቶቻችን ጋያ ነው። ቅጠል ይቆረጣል፣ ይደርቃል፣ ይከተፋል፣ ይጠቀለላል፣ ይጨሳል። ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር። የፋብሪካ ሲጋራ ግን ቅጠል አይደለም፤ ቅይጥ ነው። ቨርጂኒያ፣ በርሊ፣ ኦሪየንታል የሚባሉ የትምባሆ ዓይነቶች በልክ ይቀላቀላሉ። ከአንዱ ተክል እንኳ የላይኛው ቅጠል ከታችኛው የበለጠ ኒኮቲን ይይዛል። ቀያጩ ይህን አሳምሮ ያውቃል።

በርበሬ የምታዘጋጅ እናት አስቡ። የዘንድሮው በርበሬ ካምናው ቢያቃጥልም ባያቃጥልም፣ ኮረሪማውንና ነጭ ሽንኩርቱን እያመጣጠነች የእሷ በርበሬ ዘንድሮም የእሷ በርበሬ ነው። የሲጋራ ቀያጭም ሥራው ይኸው ነው። ዝናቡ ቢበዛም ቢያንስም፣ ቅጠሉ ከዚህም ከዚያም ቢመጣም፣ ፓኮው የሚሰጠው «ምት» ዓመት እስከ ዓመት አንድ መሆን አለበት። ልዩነቱ፣ እናታችን የምታመጣጥነው ጣዕም ነው። እዚያ የሚመጣጠነው ሐራራ ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ፋብሪካ ውስጥ ግንዱ፣ ብናኙ፣ ፍርፋሪው አይጣልም። በውኃ ይነከራል፤ ኒኮቲኑን ጨምሮ ሟሙ ነገር ሁሉ ይወጣል፤ የቀረው ጭረት እንደ ወረቀት ይዳመጣል። ከዚያ ያ የወጣው ጭማቂ ወፍሮ ተመልሶ ይረጭበታል። ይህ «እንደገና የተሠራ ትምባሆ» ተከትፎ ቅይጡ ውስጥ ይገባል። እንግዲህ ኒኮቲኑን አውጥቶ መመለስ የሚችል ሰው «መጠኑን የወሰነው ተፈጥሮ ነው» ሊለን አይችልም።

አፍ ሲያዝ፣ አፍ ሲፈታ

ጋዜጠኝነት ለተማርን ሰዎች ይህ ታሪክ የጤና ታሪክ ብቻ አይደለም። በየካቲት 1994 ኤቢሲ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን «ዴይ ዋን» በተሰኘው ፕሮግራሙ ኩባንያዎች በኒኮቲን መጠን እንደሚጫወቱ ዘገበ። ፊሊፕ ሞሪስ የ10 ቢሊዮን ዶላር ክስ መሠረተ። 10 ቢሊዮን! ክርክሩ በአብዛኛው የዞረው ዘገባው በተጠቀመባቸው ቃላት ላይ ነበር። ኩባንያው «ከውጭ ኒኮቲን አንጨምርም» ነው ያለው። አስተውሉ፤ ከራሱ ትምባሆ አውጥቶ ወደ ራሱ ትምባሆ መመለስ «ከውጭ መጨመር» አይባልማ! በነሐሴ 1995 ኤቢሲ ይቅርታ ጠይቆ የጠበቃ ወጪያቸውን ከፈለ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ሲቢኤስ የቀድሞውን የብራውን ኤንድ ዊሊያምሰን ተመራማሪ የጄፍሪ ዋይጋንድን ቃለ ምልልስ ክስ ፈርቶ አስቀረው፤ ሙሉው የታየው በየካቲት 1996 ነው። «ዘ ኢንሳይደር» የተባለውን የ1999 ፊልም ያያችሁ ታሪኩን ታውቁታላችሁ።

በሚያዝያ 14 ቀን 1994 ደግሞ ሰባት የትምባሆ ኩባንያ ሥራ አስኪያጆች የአሜሪካ ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ ፊት ቀኝ እጃቸውን አንሥተው ማሉ። አንድ በአንድ ሲጠየቁ፣ ኒኮቲን ሱስ ያስይዛል ብለው እንደማያምኑ ተናገሩ። የብራውን ኤንድ ዊሊያምሰን የሕግ አማካሪ ግን ከ31 ዓመት በፊት፣ በ1963፣ በውስጥ ማስታወሻው ኒኮቲን ሱስ አስያዥ መሆኑንና የድርጅቱም ንግድ ይህንኑ መሸጥ መሆኑን ጽፎ ነበር። በቤት ውስጥ ሌላ፣ በአደባባይ ሌላ።

ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ጉድ መጣ። በሰኔ 1994 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ኮሚሽነር ዴቪድ ኬስለር ለምክር ቤቱ ስለ አንድ ተክል ነገሩት። ስሙ ዋይ-1 ነው። ብራውን ኤንድ ዊሊያምሰን ያስዳቀለው፣ ብራዚል ውስጥ ያስዘራው፣ የኒኮቲን ይዘቱ ከተለመደው እጥፍ ገደማ የሆነ ትምባሆ። ይህ ቅጠል በሚሊዮን ፓውንድ እየተመዘነ ወደ አሜሪካ ገብቶ በገበያ ላይ በነበሩ ሲጋራዎች ቅይጥ ውስጥ ተጨምሯል። ዘሩን በማዳቀል የተሳተፈው ዲኤንኤ ፕላንት ቴክኖሎጂ የተባለ ድርጅት በ1998 ዘር በሕገ ወጥ መንገድ ወደ ውጭ በመላክ ሤራ ጥፋተኛነቱን አምኗል።

«ይሄ እኮ የድሮ ወሬ ነው» የምትሉ አትጠፉም። እሺ። በ2006 ዳኛ ግላዲስ ኬስለር (ከኮሚሽነሩ ጋር የስም ግጥምጥሞሽ ነው) ኩባንያዎቹ ሕዝብን ለአሥርት ዓመታት ማታለላቸውን፣ በኒኮቲን አሰጣጥ ላይ መጫወታቸውንም ጭምር በፍርድ አረጋገጡ። እውነቱን በራሳቸው ወጪ እንዲያሳትሙም አዘዙ። ኩባንያዎቹ 11 ዓመት በይግባኝ ጎተቱት። በመጨረሻ ከኅዳር 2017 ጀምሮ በጋዜጣና በቴሌቪዥን አወጡት፦ ሲጋራን ይበልጥ ሱስ እንዲያስይዝ ሆን ብለው እንደቀረጹት፤ ፊልተሩን፣ ወረቀቱን፣ አሞኒያውንና የትምባሆውን ቅይጥ በዚሁ ስሌት እንደሚቆጣጠሩ። ይህን የተናገረው ጠላታቸው አይደለም። በገዛ ስማቸው የወጣ ነው። በፍርድ ተገድደው፣ ግን የወጣ።

ታዲያ «ማን አስገድዶህ?» የሚለው ጥያቄ አሁንም ለአጫሹ ብቻ ነው?

የ«ላይት» ተረት

ከእኛ መሀል ስንቱ ነው «እኔ እኮ ላይት ነው የማጨሰው» ብሎ የሚጽናና? ወዳጃችን፣ ተበልተሃል። የ«ላይት» ቁጥር የመጣው ከማሽን ነው። ማሽኑ በየ60 ሴኮንዱ አንዴ፣ ለ2 ሴኮንድ፣ 35 ሚሊ ሊትር ጭስ ይስባል። ፊልተሩ ላይ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ በነሱ አየር ይገባና ጭሱ ይቀጥናል። ማሽኑ ትንሽ ታርና ትንሽ ኒኮቲን ይመዘግባል። ሰው ግን ማሽን አይደለም። ጣቱና ከንፈሩ ቀዳዳዎቹን ይደፍናሉ፤ ሰውነቱ የጎደለውን ለማግኘት አጥልቆ ይስባል፣ ቶሎ ቶሎ ይስባል። እንዲያውም ኬስለር በ1994 እንዳሳዩት፣ ከአንድ ብራንድ ቤተሰብ ውስጥ ታሩ ዝቅተኛ ነው የተባለው ሲጋራ ትምባሆው ውስጥ ያለው የኒኮቲን ክምችት ግን ከፍተኛው ነበር!

አውሮፓ ኅብረት በ2003፣ አሜሪካ በ2010 «ላይት» እና «ማይልድ» የሚሉትን ቃላት ከፓኮ ላይ አስወገዱ። ቃሉ ከፓኮ ተፋቀ እንጂ ከአፋችን ገና አልጠፋም።

ስለዚህ ሁለት ነገሮችን እንለይ። አንዱ ማሽን ከጭሱ የሚለካው ኒኮቲን ነው፤ እሱን በቀዳዳ ማታለል ይቻላል። ሌላው ቅጠሉ ውስጥ ያለው ነው፤ እሱ ከሌለ ቢምጉት፣ ቢደፍኑት፣ ቢያጠልቁት አይመጣም። የእኛ ሙግት ስለ ሁለተኛው ነው።

መጨመር የቻለ መቀነስ አያቅተውም

ፊሊፕ ሞሪስ በ1985 ጄኔራል ፉድስ የተባለውን የምግብና የቡና ኩባንያ ገዛ። ቡና ውስጥ ያለውን ካፌይን ለማውጣት የሚያገለግለውን በተጨመቀ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የማጠብ ዘዴ ለትምባሆ አዋለው። በ1989 ገደማ «ኔክስት» የተባለ ኒኮቲኑ የወጣለት ሲጋራ ለሙከራ ገበያ ላይ ዋለ። ወደቀ። ለምን ወደቀ? ለቡና አገር ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ካፌይን የሌለው ቡና ለሐራራ ምን ይፈይዳል? ኩባንያዎቹ «ኒኮቲን ለጣዕም ነው» ሲሉ ኖረዋል። ገበያው ግን መለሰላቸው፦ ሰው የሚገዛው ኒኮቲኑን ነው።

በ2015 የታተመ የአሜሪካ ጥናት 840 አጫሾችን ለ6 ሳምንት ተከታተለ። በግራም 15.8 ሚሊግራም ኒኮቲን ያለበትን፣ እንደ መደበኛው የሆነውን ሲጋራ የተሰጣቸው ሰዎች በመጨረሻው ሳምንት በቀን 21 ገደማ አጨሱ። 2.4 ሚሊግራምና ከዚያ በታች የተሰጣቸው ከ15 እስከ 16 ገደማ ነው ያጨሱት። «ኒኮቲኑ ቢቀንስ ሰው ሁለት እጥፍ ያጨሳል» የሚለው ስጋት እዚህ ደረጃ ላይ አልደረሰም። የአሜሪካው አስተዳደር በጥር 2025 ያወጣው ረቂቅ ደንብ ደግሞ ጣሪያውን 0.7 ሚሊግራም በግራም ነው ያደረገው፤ ከዚያ መደበኛ ሲጋራ ከ20 እጥፍ በላይ ያነሰ ማለት ነው።

ኒውዚላንድ ከሁሉ ቀድማ ነበር። በታኅሣሥ 2022 0.8 ሚሊግራም ጣሪያ በሕግ ደነገገች። በ2024 መጀመሪያ አዲሱ መንግሥት፣ ሕጉ ሥራ ላይ ሳይውል፣ ሻረው። ከሲጋራ የሚገኘው ቀረጥ ለታሰበው የግብር ቅነሳ እንደሚረዳ የገንዘብ ሚኒስትሯ ራሳቸው ተናግረዋል። ሱስ ለፋብሪካ ብቻ ሳይሆን ለግምጃ ቤትም ይጣፍጣል!

እኛስ ጋ?

ብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት ከ1942 ጀምሮ የመንግሥት ንግድ ነበር። በ2016 ጃፓን ቶባኮ 40 በመቶውን በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በ2017 ሌላ 30.95 በመቶ በ434 ሚሊዮን ጨመረ። ይህ ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰው፣ በ2016ቱ አገር አቀፍ ጥናት ከአዋቂው ሕዝብ 5 በመቶው ብቻ ትምባሆ ወደሚጠቀምበት አገር ነው። ለ5 በመቶ ሲባል ነው? አይደለም። ለቀሪው 95 በመቶ ነው። ለወጣቱ ነው። ለእኛ ነው።

ፍትሐዊ እንሁን፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ብዙ ሠርቷል። ሕዝብ በሚሰበሰብበት ማጨስን ከልክሏል፤ ማስታወቂያን አግዷል፤ ዕድሜውን 21 አድርጓል፤ ማስጠንቀቂያው የፓኮውን 70 በመቶ እንዲሸፍን፣ ማጣፈጫ ቃና ያለው ትምባሆም እንዳይሸጥ አዟል። ግን ሱቅ በደረቴው ጋ ሄደን በፍሬ ስንገዛ 70 በመቶው ሥዕል የት አለ? ፓኮው እሱ ኪስ ውስጥ ቀርቷል። ወደ እኛ የምትመጣው አንዷ ፍሬ ናት፤ በእሷ ውስጥ ያለችው ኒኮቲን ደግሞ ማስጠንቀቂያ አታነብም። ስለዚህ ፓኮውን መቆጣጠር ብቻውን አይበቃም፤ ቅይጡን መቆጣጠር ያስፈልጋል። አዋጁ ራሱ ስለ ቅጠሉ የኒኮቲን መጠን ያስቀመጠው ቁጥር የለም። ኢትዮጵያ በ2014 የተቀላቀለችው ዓለም አቀፍ የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት ግን በአንቀጽ 9 እና 10 ይዘትን መቆጣጠርንና ማስገለጽን ይመለከታል። በሩ ክፍት ነው።

«ኮንትሮባንዱስ?» ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ደካማው ሲጋራ ሱቅ ከገባ ኃይለኛው በድንበር ይገባል፤ ይህን የሚክድ የዋህ ነው። ነገር ግን ይህች መከራከሪያ በዓለም ዙሪያ ቀረጥ በተነሣ ቁጥር የምትመዘዝ ናት። ሌባ አለ ተብሎ ቤት ሳይሠራ አይታደርም፤ በር ይጠበቃል እንጂ። «አጫሹስ በአንድ ሌሊት ምን ይሁን?» ይህም ትክክል ነው። የኒኮቲን ማስቲካና ፕላስተር በአቅማችን ዋጋ፣ ምክር በየጤና ጣቢያው መቅደም አለበት። አንድ ነገር ደግሞ ይሰመርበት፤ ኒኮቲኑ የቀነሰ ሲጋራ ጤናማ ሲጋራ አይደለም። ታሩም ካርቦን ሞኖክሳይዱም እዚያው ናቸው፤ የሚገድሉትም በዋናነት እነሱ ናቸው። የሚቀነሰው መርዙ ሳይሆን ሰንሰለቱ ነው። «ነፃነታችንስ?» ለሚለን መልሳችን አጭር ነው። ሱስ እንዲያስይዝ ታስቦ በተቀየጠ ዕቃ ላይ ነፃነት የሚባለው የመጀመሪያዋ ፍሬ ላይ ብቻ ነው። እኛ የምንጠይቀው አሥረኛዋም፣ መቶኛዋም ላይ ነፃ እንድንሆን ነው።

ጥያቄያችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ በዚህ አገር የሚሸጥ ሲጋራ ሁሉ በግራም ትምባሆ ስንት ሚሊግራም ኒኮቲን እንደያዘ ይገለጽልን። በማሽን ጭስ የተለካውን ሳይሆን ቅጠሉ ውስጥ ያለውን። ሁለተኛ፣ ትምባሆ ተጠቃሚው 5 በመቶ ሳለ፣ 20 ሳይሆን፣ ጣሪያ ይቀመጥ። ያኔ የማጨስ ምርጫ በእውነት ምርጫ ይሆናል፤ ማን እንዳስገደደን የሚጠይቁንም ትክክለኛውን አድራሻ ያገኛሉ።

ቸር እንሰንብት።