21 ነጥብ ቢሰጣችሁ

እዚህ ደብረ ማርቆስ ጌም ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ኳስ ነው። ልጃችሁ ግን ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብሎ ምንም ሳይተኩስ፣ ምንም ሳይሮጥ አንድ ገጽ ላይ ፈዞ ካያችሁት ምናልባት እየመረጠ ይሆናል።

ገጸ ባሕርይ እያሳደጉ የሚጫወቷቸው ጌሞች አሉ። ከታወቁት አንዱ ፎልአውት ነው፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1997 ወጣ። ተጫዋቹ ሌቭል እየጨመረ ሲሄድ ለገጸ ባሕርዩ ልዩ ችሎታ ይመርጣል፤ ልጆቹ “ፐርክ” ይሉታል።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣውን ፎልአውት 4ን እንይ። ጉልበት፣ አስተውሎት፣ ጽናት፣ ሞገስ፣ ብልህነት፣ ቅልጥፍናና ዕድል የሚባሉ 7 መሠረቶች አሉት። እያንዳንዱ ከ1 ይነሣል፤ ተጫዋቹ 21 ነጥብ ያከፋፍላል። ለሰባቱም እኩል ቢሰጥ ሁሉም 4 ይሆናሉ። ፍትሐዊ ይመስላል። ነገር ግን የተቆለፈ በር የመክፈት ችሎታ አስተውሎት 4 ሲጠይቅ፣ መንደሮችን የሚያገናኘው ችሎታ ሞገስ 6 ይፈልጋል። እኩል ያካፈለው ተጫዋች የመጀመሪያውን ያገኛል፣ ሁለተኛውን ከሩቅ ያያል። በኋላ ነጥብ መጨመር ይቻላል፤ ያ ነጥብ ግን ሌላ ችሎታ ሊያስገኝ ይችል ነበር።

በማርኬቲንግ ሥራም ነገሩ ያው ነው። ትንሽ በጀት በሬዲዮ፣ በቢልቦርድ፣ በቲክቶክና በበራሪ ወረቀት ቢበተን የትም አይታይም። የምርጫ ዋጋ የከፈልነው ብር ብቻ ሳይሆን የተውነውም ነገር ነው።

ጎጃም ይህን ከጌም በፊት ያውቀዋል። የቆሎ ተማሪ ንባብ ይለይና ወደ ዜማ፣ ወደ ቅኔ ያልፋል፤ ዋሸራና ጎንጅ በቅኔ ስማቸው የተጠራ ነው። አንዱ ትምህርት ለሌላው በር ይከፍታል። ሌላ ሰው ሲመርጥልን የሚመጣውንም እናውቃለን፤ በሐዲስ ዓለማየሁ “ፍቅር እስከ መቃብር” በዛብህን ወላጆቹ በስእለት ለቤተ ክርስቲያን ሰጡት፤ ሲያድግ ልቡ ወደ ሰብለ ወንጌል ሄደ።

ዛሬ ስእለቱ መልኩን ቀይሯል። 11ኛ ክፍል ሲደረስ ልጁ ተፈጥሮ ሳይንስ ወይም ማኅበራዊ ሳይንስ ይመርጣል። በስንቱ ቤት ነጥቡን የሚያከፋፍሉት አባትና እናት ናቸው? “ሐኪም ትሆናለህ” ተብሎ የገባ ልጅ የሰው ሕይወት ይኖራል።

እንግዲህ እስከዚያ ቀን አትጠብቁ። ዛሬ ማታ ከጎኑ ተቀመጡና ሦስት ነገር ጠይቁት፦ በጨዋታው አብዝተህ የምትሠራው ምንድን ነው? ይህን ስትመርጥ ምን ተውክ? ይህኛው ቀጥሎ ምን ይከፍትልሃል? እነዚህን ለጌሙ መመለስ የለመደ ልጅ ለትምህርቱም አይቸገርም።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ፎልአውት በአሜሪካ የዕድሜ ምደባ ለ17 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። ለትንንሾቹ ፖኬሞን ይሻላል። እዚያ አንድ ፖኬሞን በአንድ ጊዜ የሚይዘው 4 የውጊያ ስልት ብቻ ነው፤ አምስተኛ ለመያዝ አንዱን መልቀቅ አለበት። የትኛው ይለቀቅ? ልጃችሁ ይወስን፤ እናንተ ምክንያቱን ብቻ ስሙ።