ክብ ማጥቆር እንግሊዝኛ ማወቅ ነው እንዴ?

አንድ ኢትዮጵያዊ ልጅ 12 ዓመት ሙሉ እንግሊዝኛ ይማራል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮማ ፊዚክሱንም፣ ታሪኩንም፣ ጂኦግራፊውንም የሚማረው በዚሁ ቋንቋ ነው። በመጨረሻም መንግሥት ይጠራውና ይፈትነዋል። ታዲያ በዚያ ፈተና ላይ አንዲት ቃል ከአፉ እንዲያወጣ አይጠየቅም፤ አንዲት ዓረፍተ ነገር በእጁ እንዲጽፍ አይጠየቅም፤ ሰው ሲናገር አድምጦ ምን እንደተባለ እንዲመልስም አይጠየቅም። የሚጠየቀው ከኤ እስከ ዲ ከተደረደሩት አራት ምርጫዎች አንዷን እንዲመርጥ ብቻ ነው። ለአብዛኛው ተፈታኝ ይህ ማለት ክቧን በእርሳስ ማጥቆር ነው። ካጠቆረ አለፈ! ይህንን ነው እንግዲህ ሹማምንቶቻችን የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና እያሉ የሚጠሩልን።

ነገሩ ቀልድ የሚመስለው ሰው ካለ ያለፉትን ዓመታት ውጤት ያስታውስ። በ2014 ዓ.ም. 12ኛ ክፍልን የጨረሱት ልጆች በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በየዩኒቨርሲቲው ተሰብስበው ተፈተኑ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። አንድም ልጅ ያላሳለፉ ት/ቤቶች ቁጥር ከ1 ሺህ በላይ ነበር። በተከታዩ ዓመት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ። በዚህ አካሄድ ግማሹ ልጅ እስኪያልፍ ስንት ዘመን እንደሚፈጅ አንባቢ ራሱ ያስላው።

በ1997ቱ ምርጫ ማግሥት ለአዲስ አበባ ከንቲባነት ታጭተው የነበሩት፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የትምህርት ሚኒስትር ሆነው የተሾሙት ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ኩረጃን በመዋጋታቸው ምስጋና አንነፍጋቸውም። ለፓርቲያቸው ድምፁን የሰጠው የከተማው ሕዝብ ቢያንስ ይህቺን አግኝቷል። ሌብነቱ ተጋለጠ፤ እሰየው። ግን እስቲ ስለ ሚዛኑም እንነጋገር። ሌባውን ከገበያ ማባረር አንድ ነገር ነው፤ ገበያው ላይ የተቀመጠው ሚዛን ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ልጆቹን በወታደር በሚጠበቅ ግቢ አስገብቶ በተጣመመ ሚዛን መመዘን፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ከመምታት በምን ይለያል?

ልብ በሉ! እንግሊዝኛ ከሚፈተኑት ትምህርቶች አንዱ ብቻ አይደለም። ሒሳቡም፣ ባዮሎጂውም፣ ኢኮኖሚክሱም፣ አፕቲትዩድ የሚባለውም ጥያቄ ተጽፎ የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነው። እንግዲህ አንድ ልጅ ፊዚክስ ከመቶ 22 አመጣ ሲባል የወደቀው በፊዚክሱ ነው ወይስ በጥያቄው ቋንቋ? ይህንን ማን ያውቃል? ልጁ አያውቅም፤ ወላጅም አያውቅም፤ ከውጤት ወረቀቱ ላይ አንብቦ ሊናገር የሚችል ባለሥልጣንም የለም። የበሽታው ስም ሳይታወቅ «በሽተኛው ሞቷል» ብሎ በቴሌቪዥን መናገር ሕክምና አይደለም።

እኔ የምኖረው ቤቴል ነው። ከአደባባዩ ወደ ወይራ ሰፈር ሲኬድ በግራም በቀኝም ፎቶ ኮፒ ቤቶች አሉ። ሰኔ ሲቃረብ ከመታወቂያ ኮፒ ይልቅ የሚሸጠው በስቴፕለር የተያያዘ የድሮ ፈተና ነው። የኤሌክትሪክ ምሰሶው ሁሉ የቱቶሪያል ማስታወቂያ ለብሷል። እናት ከጉልት ገበያ ያገኘቻትን ሳንቲም ቆጥባ ልጇን የምትልከው እንግሊዝኛ እንዲችል አይደለም፤ መልስ የመገመት ዘዴ እንዲማር ነው። «ኦልዌይስ ካለ አትምረጡት»፣ «ረጅሙን ምርጫ አትለፉት» የሚል ዕውቀት በሰዓት ሒሳብ ይቸበቸባል። በእናትየው አልፈርድም። መንግሥት የሚመዝነው ግምትን ከሆነ እሷ ለልጇ የምትገዛው ያንኑ ግምት ነው።

በዚሁ በእኛው ክፍለ ከተማ በኮልፌ ቀራንዮ እንግሊዝኛ የሚያስተምር አንድ መምህር አነጋግሬ ነበር። መጽሐፉ ላይ ማዳመጥና መናገር የሚሉ ክፍሎች አሉ፤ ታስተምሯቸዋላችሁ ወይ? ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀብኝ። «ወንድሜ፣ 60 ልጅ ነው ክፍሌ ውስጥ ያለው። በ40 ደቂቃ ስንቱን ላናግር? ብሞክርስ ልጆቹ ራሳቸው መቼ ይለቁኛል! ይኼ ፈተና ላይ ስለማይመጣ ግራመር አስተምረን ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። እኔም የምገመገመው ስንት ልጅ አሳለፍክ ተብዬ ነው።» መጽሐፉን ያዘጋጀውም መንግሥት፣ ፈተናውን የሚያወጣውም መንግሥት። ግራ እጁ የጻፈውን ቀኝ እጁ ያጠፋዋል።

የጎረቤቴ ልጅ ፈተናውን ካለፉት ጥቂት ዕድለኞች አንዷ ናት፤ በእንግሊዝኛም ደህና ነጥብ አምጥታለች። ዩኒቨርሲቲ እስክትጠራ ድረስ አንድ ሱቅ ውስጥ ለመሥራት ማመልከቻ በእንግሊዝኛ ጽፈሽ አምጪ ተባለችና እኔ ዘንድ መጣች። አንቺው ሞክሪው፣ እኔ አርምልሻለሁ አልኳት። ግማሽ ሰዓት ወረቀቱ ላይ አፈጠጠች። ፓሲቭ ቮይስ ምንድን ነው ብላት ግን ሕጉን አንድ በአንድ፣ ያውም በአማርኛ፣ እንደ ዳዊት ወረደችው! በመጨረሻ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ጋሼ፣ ምርጫ ቢኖረው እኮ እሠራው ነበር።» ሁለታችንም ሳቅን። እሷ ከወጣች በኋላ ግን ሳቁ አላሳሳቀኝም። ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ ያሏትን ሁሉ አድርጋለች። ያላደረገችው ያላሏትን ነው።

ይህ ዛሬ የተፈጠረ ችግር አይደለም። በደርግ ዘመን፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ስቶዳርት የተባለ የውጭ ባለሙያ የት/ቤቶቻችንን እንግሊዝኛ መርምሮ ቋንቋው ማስተማሪያ መሆኑ ቀርቶ ለትምህርት እንቅፋት ሆኗል ወደሚል ድምዳሜ ደርሶ ነበር። ደርግ ሄደ፤ ኢህአዴግ መጣ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጥ፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮም ማስተማሪያ ይሁን አለ። ማን ያስተምረው? የሚለው ሲነሳ በ1997 ዓ.ም. ገደማ ፕላዝማ የሚባል ጉድ በየክፍሉ ተሰቀለ። ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸው አስተማሪ በራሱ ቅላጼ እየተጣደፈ ያወርደዋል፤ ልጁ «ምን አለ?» ብሎ እስኪዞር ድረስ ትምህርቱ አልቋል። ማድመጥ እንዴት እንደሚቻል ማንም አላስተማረውም፤ መቻሉንም ማንም አልፈተነውም፤ ድንገት ግን በሳምንት ሙሉ እንዲያዳምጥ ተፈረደበት። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና መጣ፣ ቀረ። ኤጀንሲው አገልግሎት ተባለ። የማይለወጠው ክቡ ብቻ ነው። አልሸሹም ዞር አሉ!

ክቡ ሌላም ጣጣ አለው። ግንቦት 2008 ዓ.ም. ተማሪዎች ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በተቀመጡበት ዕለት የእንግሊዝኛው ጥያቄ ወረቀት በፌስቡክ ተለቅቆ ተገኘና ፈተናው በመላ አገሪቱ ተሰረዘ። የኦሮሚያ ልጆች በተቃውሞው ምክንያት ለወራት ሳይማሩ ቆይተዋልና ፈተናው ይራዘምላቸው ቢባል መንግሥት አልሰማ ብሎ ነበር። የሆነው ሆነና አንድ ነገር ልብ እንበል። የኤ ቢ ሲ ዲ መልስ በአንዲት የስልክ መልእክት አገር ያዳርሳል። ልጁ ራሱ አስቦ የሚጽፈው አንቀጽ ግን በመልእክት አይደርስም።

«600 ሺህ ልጅ የጻፈውን ማን ያርማል?» የሚል መልስ ከወዲሁ ይሰማኛል። ጎረቤታችን ኬንያ ታርማለች። የኬንያ ሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ የእንግሊዝኛ ፈተና በሦስት ወረቀት የተከፈለ ነው፤ ተማሪው ደብዳቤውንም፣ ድርሰቱንም በእጁ ይጽፋል፤ መምህራን ተሰብስበው ያርሙታል። ኬንያ ወርቅ በወርቅ የሆነች አገር ሆና አይደለም። ደግሞስ ከእኛው አገር ወጥቶ ውጭ ሊማር የሚፈልግ ልጅ አይኤልትስ ለሚባለው ፈተና ዋጋውን ከፍሎ ሲቀመጥ ይናገራል፣ ያዳምጣል፣ ያነባል፣ ይጽፋል። አራቱም! ገንዘብ ላለው ልጅ ትክክለኛ ሚዛን፣ ለወይራ ሰፈሩ ልጅ ግን ክብ። ይህ ነው እንግዲህ የእኩልነት ትምህርታችን።

ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ይሁን አላልኩም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከፊሉ ተፈታኝ በኮምፒዩተር መፈተን ጀምሯል። ኮምፒዩተር ካለ የጆሮ ማዳመጫ ማከል ተራራ መግፋት አይደለም። መብራት በሌለበት ወረዳ ምን ይደረግ ቢባል፣ ኮምፒዩተሩም እዚያ አልደረሰምና መጀመሪያ እሱ ይታሰብበት። አንድ አንቀጽ፣ አሥር መስመር ያህል፣ ማጻፍ ግን መብራትም አይጠይቅም። በክረምት ሥራ የሌላቸው በሺህ የሚቆጠሩ የእንግሊዝኛ መምህራን አሉን፤ ተገቢው አበል ይከፈላቸውና ስም በሌለው ወረቀት ላይ ይረሙ። መናገርን በየት/ቤቱ መምህሩ ይፈትን ቢባል የነጥብ ችሮታ እንደሚበዛ አውቃለሁ፤ 95ና 98 በትራንስክሪፕት የሚያድሉ ት/ቤቶች ሞልተዋል። እንዲያ ከሆነ ለጊዜው ከድምሩ ሳይገባ ለብቻው ይመዝገብ። እንግሊዝኛ የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሆኖ መቀጠል አለበት ወይ? የሚለው ትልቁ ክርክር ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። ይሁን ካልን ግን ፈተናው እንግሊዝኛን ይመዝን፤ ሌላ ምንም አላልንም።

ያ የነገርኳችሁ መምህር ከጥቅምት ወዲህ አንድ ነገር ጀምሯል። ዓርብ ዓርብ ልጆቹን ስለ ሰፈራቸው፣ ስለ ታክሲ ሰልፉ፣ ስለ ውሃ መጥፋት አንድ አንድ አንቀጽ ያጽፋቸዋል። 60ውን ወረቀት ቤቱ ወስዶ በሌሊት ያርማል፤ የቀይ እስክሪብቶውን ዋጋ የሚከፍለውም ራሱ ነው። ልጆቹ መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ አሁን አንዳንዶቹ ሁለት ገጽ መጻፍ ጀምረዋል። ሆኖም በየሳምንቱ ከኋላ ወንበር አንድ እጅ ይወጣና «ቲቸር፣ ይኼ ፈተና ላይ ይመጣል?» ይላል። መምህሩ የሚመልሰው የለውም። እኔም የለኝምና ጥያቄውን እንዳለ ለትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት አስተላልፌዋለሁ።