ውሻውስ ቤተሰብ አይደለም እንዴ?

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላል ያገራችን ሰው፣ ነገሩ ካለፈ በኋላ የሚፎክረውን ሲተርብ። ተረቱ ውሻን ቢያማም ሳያስበው አንድ ምስክርነት ይሰጥለታል፤ የውሻ ሥራ ጅብ መጠበቅ መሆኑን። እኛ አገር ውሻ ለጌጥ የሚያዝ እንስሳ አይደለም። ደመወዝ የሌለው የሌሊት ዘበኛ ነው። ውድ የዲፓርትመንታችን ተማሪዎችና መምህራን፣ ዛሬ ላነሳ የፈለግሁት ስለዚሁ ዘበኛ ነው። በተለይ በቢቸናና በሞጣ አካባቢ ስላለው ትልቁ የከብት ጠባቂ ውሻ፣ ከቤተሰብ ጋር ስላለው ኑሮና እኛ ስላለብን ዕዳ።

ከደጀን ተነስቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ አድርጎ ሞጣ የሚደርሰውን መንገድ የተጓዘ ሰው አገሩን ያውቀዋል። በአንድ ወገን ጮቄ ተራራ፣ በሌላው ወገን የዓባይ ሸለቆ። ሜዳው የጤፍና የስንዴ ነው፤ ገደሉና ጫካው ደግሞ የጅብ። ቀን ቀን በግና ከብት የሚጠብቀው እረኛ ነው። መሸት ሲል ከብቱ በረት፣ በጉም ጋጣ ይገባል፣ እረኛውም ይተኛል። ከዚያ በኋላ ያለው አሥራ ሁለት ሰዓት የውሻው ነው። አንድ በግ መነጠቅ ለአንድ ገበሬ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያሻኝም። የልጅ ደብተርና ዩኒፎርም፣ የማዳበሪያ ዕዳ፣ የበዓል ወጪ ሁሉ ከዚያ ጋጣ ነው የሚወጣው።

በሌላውም ዓለም ይህንኑ ሥራ የሚሠሩ ስም ያወጡ ዝርያዎች አሉ። የቱርኩ ካንጋል ሲቫስ ከሚባለው አካባቢ የወጣ ነው፤ የፈረንሳይና የስፔን ድንበር ተራሮች የፒሬኒስ ውሻ አላቸው፤ ጣሊያኖችም ማሬማ የሚሉት ነጭ ውሻ አላቸው። በናሚቢያ የአቦሸማኔ ጥበቃ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የቱርክ ጠባቂ ውሾችን እያሳደገ ለገበሬዎች ሲሰጥ ቆይቷል። ዓላማው በግና ፍየል ማትረፍ ብቻ አልነበረም። ፍየሉ ያልተበላበት ገበሬ አቦሸማኔውን አይገድለውም በሚል ሐሳብ ነው። ድርጅቱ እንደሚለው ውሻ የተሰጣቸው አብዛኞቹ ገበሬዎች ጉዳታቸው በእጅጉ ቀንሷል።

ታዲያ አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ሲሰሙ «እንዲህ ያለ ዝርያ ከውጭ ማስመጣት ነው እንጂ!» ይላሉ። እኔ አልስማማም። የኛ የገጠር ውሻ በመዝገብ የሰፈረ የዝርያ ስም የለውም፣ እውነት ነው። ነገር ግን ካንጋልን ጥሩ ጠባቂ ያደረገው ደሙ ብቻ አይደለም፣ አስተዳደጉም ነው። ቡችላው ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው ወደ በጎቹ ይገባል፤ እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ሽታቸውን፣ ድምፃቸውንና ሙቀታቸውን ይለምዳል። ይህ ጊዜ ለሁሉም ውሻ የመላመጃ ጊዜ ነው። በዚያ ወቅት አብሮት የኖረውን ሁሉ፣ በግም ይሁን ሕፃን ልጅ፣ የራሱ ወገን አድርጎ ይቆጥረዋል። የሞጣ ገበሬ ይህን ከመጽሐፍ አላነበበውም፤ ቡችላውን ከጥጃና ከልጆች ጋር ሲያሳድግ ግን ይሄንኑ ነው የሚያደርገው። ሃምሳና ስድሳ ኪሎ የሚመዝን ውሻ አስመጥቶ በትርፍራፊ እንጀራ ማሳደር ደግሞ ለውሻውም ለባለቤቱም መከራ ነው።

ሌላው ብዙ ጊዜ የምሰማው ነገር «ውሻን ቤተሰብ ማለት የፈረንጅ ነገር ነው» የሚለው ነው። እንደኔ እንደኔ ይሄ የገዛ ባህላችንን ካለማወቅ የሚመጣ ነው። ያገሬ ሰው ውሻውን ቤት ውስጥ አያስተኛውም፣ ምግብ በሚቀርብበትም አያስጠጋውም፤ ልክ ነው። ግን ስም ያወጣለታል። ስሙም ዝም ብሎ ስም አይደለም። ለጎረቤት፣ ለባላንጣ ወይም ለራስ የሚነገር መልእክት ነው። በአፍ አውጥቶ መናገር የሚከብደውን ነገር አባወራው ውሻውን በጠራ ቁጥር ይናገረዋል። የልቡን ነገር ያዋሰውን ፍጥረት ባዳ ነው ማለት ይቻላል? ቤተ ክርስቲያናችን ከምትቀበላቸው መጻሕፍት አንዱ በሆነው በመጽሐፈ ጦቢትም ልጁ ረጅም መንገድ ሲሄድ ውሻው አብሮት እንደተጓዘ ተጽፏል። እዚህም ገበያ የሚወርድ ሰው ውሻው ተከትሎት ሲሄድ ማየት የዕለት ተዕለት ነገር ነው።

እንደ እንስሳት ሳይንስ ተማሪ በጣም ያስገረመኝን አንድ ጥናት ላንሳ። በትግራይ የጅብን ምግብ ያጠኑ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በዐቢይ ጾም ወቅት ከሰው የሚጣለው የሥጋ ትርፍ ሲጠፋ ጅቦች ወደ አህያ አደን እንደሚዞሩ ከዓይነ ምድራቸው በተገኘው ፀጉር አሳይተዋል። ጾሙ ሲፈታ ነገሩ ተመልሶ ይቀንሳል። የኛም አካባቢ በጾም በኩል ከትግራይ የተለየ አይደለም። እንግዲህ አስቡት። ጅብ አምርሮ የሚመጣው በሁዳዴ ከሆነ፣ ውሻው ከሁሉ የሚበረታበትን ሥራ የሚሠራው በሁዳዴ ነው። በዚያው ሃምሳ አምስት ቀን ውስጥ ደግሞ ለሱም የሚደርሰው አጥንት አይኖርም። ሳይጠየቅ አብሮን ይጾማል ማለት ነው። ሥራው ሲከብድ ቀለቡ የሚቀንስበት ሌላ ሠራተኛ አለ?

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልምጣ። ቢቸናም ሞጣም እያደጉ ያሉ ከተሞች ናቸው። ከገጠር ወደ ከተማ የገባው ቤተሰብ ውሻውንም ይዞ ይገባል፣ ወይም «ሌባ በዝቷል» ብሎ ከዘመድ ቡችላ ያስመጣል። በረት የለም፣ በግ የለም፣ ግቢው ጠባብ ነው። ስለዚህ ውሻው ከንጋት እስከ ማታ በአጭር ሰንሰለት ይታሰራል። ክፉ እንዲሆን በርበሬ የሚያበሉትም አሉ ይባላል። ጠባቂ ውሻ በተፈጥሮው የራሱን ውሳኔ የሚወስን፣ ባዳን የሚጠረጥር፣ ሌሊት የሚጮኽ ፍጥረት ነው። እንዲህ ያለውን ውሻ አስሮና አስርቦ ማሳደግ ጠባቂ አያወጣውም፤ የሚያወጣው የሚፈራና የሚናከስ እንስሳ ነው። ጀግና የምንለው ብዙ ውሻ በእውነቱ የፈራ ውሻ ነው። ማታ ሲለቀቅ ደግሞ አጥር ዘሎ መንገድ ላይ የሚያገኘው ሌባን አይደለም፣ ወደ ማታ ትምህርት የሚሄድ ተማሪን ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2071 እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል፤ ከእጁ በድንገት ያመለጠ ቢሆንም። «ምን ላድርግ፣ በጥሶ ወጣ» ማለት በሕግ ፊት አያዋጣም።

ከንክሻው የባሰው ግን ከንክሻው ጋር የሚመጣው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የእብድ ውሻ በሽታ በዓመት 59,000 ያህል ሰው እንደሚገድል ይገምታል። ከሰው ሕመምተኞች 99 ከመቶው የሚይዛቸው ከውሻ ነው፤ ከሚነከሱትም 40 ከመቶ ገደማ የሚሆኑት ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ይሄ ሩቅ አይደለም። ዓባይን ተሻግሮ በሰሜን ጎንደር የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በዓመት ከ100,000 ሰው ከሁለት በላይ በዚህ በሽታ እንደሚያዝ ገምቷል። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ከመታየቱ በፊት ግን ይድናል። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፣ ከዚያም ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ተቋም ሄዶ ክትባቱን መጀመርና መጨረስ ነው። ጸበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፣ እምነቱ ነው። ክትባቱን ግን አይተካውም። በሽታው ብዙ ጊዜ ሁለትና ሦስት ወር ሳይታይ ስለሚቆይ «ባህላዊ መድኃኒት ጠጥቼ ዳንኩ» የሚለው ሰው ወይ የነከሰው ውሻ በሽታው አልነበረበትም፣ ወይ ቀኑ ገና አልደረሰም።

ጣጣው ለሰውና ለከብት ብቻም አይደለም። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ2003 ከውሻ የተላለፈው ይኸው በሽታ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨርሷል። ቀይ ቀበሮ በአንድ ወቅት በኛው በጮቄም ነበረ። ዛሬ የለም። ያለንን ለማትረፍም መንገዱ በውሻው በኩል ያልፋል።

መፍትሔው ምንድን ነው? በከተሞቻችን ለብዙ ዓመታት የተለመደው መርዝ መጣል ነው። ሌሊት መርዝ ያለበት ሥጋ ይጣላል፣ ጠዋት ሬሳ በጋሪ ይጫናል። ያ ሁሉ ሲጠብቅ ያደረ ውሻ ደሙ ደመ ከልብ ሆኖ ይቀራል። ጭካኔውን እንኳ ብንተወው፣ በሽታውን አያስቆምም። ውሻ ሲገደል ባዶ በቀረው ቦታ ያልተከተቡ አዳዲስ ቡችሎች ይተካሉ፤ የተከተቡትም አብረው ይሞታሉ። በኢንዶኔዥያ የባሊ ደሴት በሽታው እ.ኤ.አ. በ2008 ሲገባ ብዙ ውሻ ተገደለ፣ በሽታው ግን ተስፋፋ። የቀነሰው ደሴቱን ያዳረሰ ክትባት ከተሰጠ በኋላ ነው። ከውሾች 70 ከመቶው በየዓመቱ በሚደረግ ዘመቻ ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት እንደሚበጠስ በብዙ አገር ታይቷል።

ለዚህ ነው «ቤተሰብ» የሚለው ቃል ላይ ሙጭጭ የምለው። ውሻን ቤተሰብ ማለት ሶፋ ላይ ማስቀመጥ ማለት አይደለም። በቤተሰብ ወጪ ውስጥ ማስገባት ማለት ነው። ለበሬው መድኃኒት የሚገዛ አባወራ፣ በሬውን ሲጠብቅ ለሚያድረው ውሻ የክትባት ዋጋ በዛብኝ ሊል አይገባም። ሦስት ወር የሞላው ቡችላ ይከተብ፣ በዓመቱ ይደገምለት። ከተማ ያለው በሰንሰለት ፈንታ የታጠረ ግቢ ይኑረው፤ ግቢ የሌለው ትልቅ ውሻ ባያስመጣ ይሻለዋል። ልጆችም የሚበላን ወይም ቡችላ የምታጠባን ውሻ እንዳይነኩ ይማሩ።

እኛስ? ዓለም አቀፉ የእብድ ውሻ በሽታ ቀን የሚከበረው በፈረንጆች ሴፕቴምበር 28 ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የመስቀል ማግስት ማለት ነው። የምሥራቅ ጎጃም ልጆች ለመስቀል አገራችን ስንገባ ቤተሰብ ሁሉ ተሰብስቦ ይገኛል። ዲፓርትመንታችን ከወረዳዎቹ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ጋር ተነጋግሮ ለቢቸናና ለሞጣ የክትባት ቀን ቢያዘጋጅ፣ እኛ ውሾቹን በመያዝና በመመዝገብ፣ በገበያ ቀንም ለሕዝቡ በማስረዳት ማገዝ አያቅተንም። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የጠፋው ተማሪም እዚያው ሁለት ሦስት ርዕስ ያገኛል። በሁለቱ ከተሞች ስንት ውሻ እንዳለ ቆጥሮ መጀመር ይቻላል።

«ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ይባላል። በክትባቱ በኩል ግን ቀዳዳውን የከፈትነው እኛ ነን። መድፈኑም የኛ ነው። ቸር ይግጠመን።