የመምህራን ማስታወሻ፦ እጁን ዘርግቶ የሚጠብቅ ልጅ

ውድ ወላጆች፣ የዛሬው ወጋችን ስለ ልጆቻችን እጅ ነው። «እጅ ደግሞ ምን ይወራለታል?» እንዳትሉን፤ ጉዳዩ የራሳችንንም ጥፋት ይነካል።

በመዋዕለ ሕፃናት ክፍላችን ከምግብ በፊት ልጆቹን አሰልፈን፣ አንዳችን ውኃ እያፈሰስን ሌላችን እያሸን እናጥባቸው ነበር። ቶሎ ያልቃል፣ ውኃም አይባክንም። አንድ ቀን ግን አንዳችን ታመን፣ ሌሎቻችን የዕደላ ሰልፍ ላይ ዋልንና አንዲት መምህርት ብቻዋን ቀረች። እሷ ገንፎ ስታወጣ ልጆቹ ከሽንት ቤት ተመልሰው እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። ጆጉም ሳሙናውም አጠገባቸው ነበር። የሚያጥባቸው ሲያጡ እጃቸውን በልብሳቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው ለመብላት ተቀመጡ። ለካ እኛ አጠብናቸው እንጂ መታጠብ አላስተማርናቸውም!

ቤትም ቢሆን ያው ነው። ልጅ ጆግ ማንሳት ሲችል እንግዳ ያስታጥባል፤ ጎንበስ ብሎ ሲያስታጥብ ደስ ብሎን እንመርቀዋለን። የእሱን እጅ ግን ማን ያያል? ደግሞም የምናስታጥበው ለማዕድ ነው፤ ከሽንት ቤት ሲወጣ ጆግ ይዞ የሚጠብቀው የለም። እናት ቦኖ ላይ ወረፋ ስትጠብቅ፣ አባት ሥራ ፍለጋ ሲወጣ፣ ልጁ ራሱን መጠበቅ አለበት። በሳሙና መታጠብ ተቅማጥን በአንድ ሦስተኛ ገደማ እንደሚቀንስ በጥናት ታውቋል። ተቅማጥ ትንንሽ ልጆችን ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ለእናንተ አንነግራችሁም።

«ውኃው ከየት ይምጣ? ሳሙናውንስ በአንድ ቀን ይጨርሰው የለ?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። እኛ የሠራነው እንዲህ ነው፦ ሁለት ባላ ተክለን በላያቸው እንጨት አጋድመን፣ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን በልጅ ደረት ልክ አንጠለጠልን። ከክዳኑ ትንሽ ዝቅ አድርገን በጋለ ምስማር በሳነው። አንገቱ ላይ ያሰርነውን ገመድ መሬት ካለ እንጨት ጋር አገናኘነው። ልጁ እንጨቱን በእግሩ ሲረግጥ ጀሪካኑ ያዘነብልና ውኃው በቀጭኑ ይወርዳል፤ እግሩን ሲያነሳ ይቆማል። ለአንድ መታጠብ ከአንድ ኩባያ ያነሰ ይበቃል። ሳሙናውን በስተን በሲባጎ ስለሰቀልነው መሬት አይወድቅም።

ከ3 ዓመት ጀምሮ ልጅ ይህን መልመድ ይችላል። መጀመሪያ ታጥባችሁ አሳዩት፤ ቀጥሎ አብራችሁ ታጠቡ፤ ከዚያ እጃችሁን ሰብስባችሁ ተመልከቱ። ከባዱ ይኼ ሦስተኛው ነው። ልጁ ይዘገያል፣ ልብሱን ያረጥባል፣ የአውራ ጣቱን ሥር ይረሳል። «አምጣ እኔ ላጥብህ» ማለት ያምረናል፤ እባካችሁ እንታገሥ። እያሸ እስከ ሃያ ይቁጠር፤ መታጠቡም ሒሳቡም አብሮ ይሄድለታል። ሲጨርስ በልብሱ አይጥረግ፤ አራግፎ ነፋስ ያድርቀው። «ታጠብክ?» ብቻ አትበሉት፤ «እስቲ እንዴት እንደታጠብክ አሳየኝ» በሉት።

«ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው» ይባላል። እንውደደው፤ ንፍጡን መጥረግም እናስተምረው። ነገ ወደየት እንደምንሄድ አይታወቅም፤ ይህን የለመደ ልጅ ግን የትም ቢደርስ የሰው እጅ አይጠብቅም።

ጀሪካኑን መሥራት የምትፈልጉ፣ ባዶ ጀሪካንና ገመድ ይዛችሁ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ወደ ክፍላችን ብቅ በሉ። ልጆቹ ራሳቸው ያሳዩአችኋል።

ቸር ይግጠመን።