ለገጠር ትምህርት ቤት የሚበጀው ዘሩ የማይከለከል ሶፍትዌር ነው

ገበሬ ለዘር የሚሆን እህል ሲያጥረው ከጎረቤቱ ተበድሮ ይዘራል፤ ምርቱ ሲደርስም ይመልሳል። ከደረሰለትም ለሌላው እንዳያካፍል የሚከለክለው የለም። ይህ የቆየ ልማድ በየገጠሩ ትምህርት ቤት ስለሚገቡት ኮምፒዩተሮችም የሚያስተምረው ቁም ነገር አለ።

ኮምፒዩተር ያለ ሶፍትዌር በሬ እንደሌለው ሞፈር ነው። ሶፍትዌሩም በሁለት ዓይነት ይቀርባል። አንደኛው ባለቤቱ ኩባንያ የሚሸጠው፣ ውስጡ እንዳይታይና ለሌላ እንዳይገለበጥ በውል የታሰረ ነው። ሁለተኛው ክፍት ምንጭ የሚባለው ሲሆን፣ ማንም እንዲጠቀምበት፣ አሠራሩን እንዲመረምር፣ እንዲያሻሽለውና ለሌላው እንዲያካፍል የተፈቀደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የተጀመረው ሊኑክስ፣ በእርሱ ላይ ተመሥርቶ በ2004 የወጣው ኡቡንቱ፣ እንዲሁም ለጽሕፈትና ለሂሳብ ሥራ የሚያገለግለው ሊብሬኦፊስ ከዚህ ወገን ናቸው።

«ገበሬውስ ምርጥ ዘር በየዓመቱ ይገዛ የለምን?» የሚሉ አይጠፉም። ንጽጽሩ ግን አይገጥምም። ዲቃላ በቆሎ በየዓመቱ የሚገዛው ከምርቱ ተመልሶ ሲዘራ ኃይሉ ስለሚቀንስ ነው፤ ምክንያቱ ከዘሩ ባሕርይ የመጣ ነው። ሶፍትዌር ግን ሺህ ጊዜ ቢገለበጥ አንዳች አይጎድለውም። መካፈልን የሚከለክለው የፈቃድ ውሉ ብቻ ነው።

ለፈቃድ የሚከፈል በጀት ሲጠፋ ያለፈቃድ የተገለበጠ ሶፍትዌር መጫን የተለመደ ሆኗል። ምንጩ ያልታወቀ ግልባጭ ቫይረስ ይዞ ሊገባ ይችላል፤ ቫይረሱም በፍላሽ አማካይነት ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው ይዛመታል። ከዚህም የከፋው፣ ታማኝነትን ሊያስተምር የሚገባው ትምህርት ቤት ተቃራኒውን በተግባር ማሳየቱ ነው።

የአሮጌ ኮምፒዩተሮች ጉዳይም አለ። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ የነፃ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ አዳዲስ ክፍሎች ያሉት ኮምፒዩተር ስለሚጠይቅ፣ ገና የሚሠሩ ብዙ ኮምፒዩተሮች ሊቀበሉት አይችሉም። ቀለል ያሉ የሊኑክስ ዓይነቶች ግን በእንዲህ ያሉ ዕቃዎች ላይ ይሠራሉ፤ የደኅንነት ማሻሻያም ያገኛሉ። በእርዳታ የመጣ ያገለገለ ኮምፒዩተር በመጋዘን ከሚከመር ለጥቂት ዓመታት ቢያስተምር ይመረጣል።

የዚህን አሠራር ውጤት ለማየት የሕንድን የኬራላ ክፍለ ሀገር መመልከት ይበቃል። በዚያ እ.ኤ.አ. በ2001 የትምህርት ቤቶች የኮምፒዩተር ፕሮግራም ተጀመረ፤ ቀስ በቀስም ወደ ክፍት ምንጭ ተዛወረ። በ2019 በኡቡንቱ ላይ የተመሠረተ አዲስ ዝግጅት ከ200 ሺህ በላይ ለሆኑ የትምህርት ቤት ኮምፒዩተሮች ሲቀርብ፣ ከፈቃድ ክፍያ የሚድነው ገንዘብ 30 ቢሊዮን ሩፒ እንደሚደርስ ኃላፊዎቹ ገምተዋል። ኬራላ ሶፍትዌሩን ለሥርዓተ ትምህርቷና ለማላያላም ቋንቋዋ እንዲስማማ አድርጋ ማዘጋጀቷም ሌላው ጥቅም ነው።

ለኢትዮጵያ የቋንቋው ነገር ከገንዘቡ አያንስም። ሊብሬኦፊስ በአማርኛ ይገኛል። ኩባንያ ገበያ የለውም ብሎ የተወውን ቋንቋ ተናጋሪዎቹ ራሳቸው ተርጉመው ሊጨምሩ ይችላሉ። ኢንተርኔት በማይደርስበት ቀበሌም ኪዊክስ በተባለው ክፍት ሶፍትዌር አማካይነት ዊኪፔዲያን በፍላሽ አምጥቶ ያለ መስመር ማንበብ ይቻላል።

«ተማሪው ነገ መሥሪያ ቤት ሲገባ የሚያገኘው ሌላ ሶፍትዌር ነው» የሚለው ሥጋት በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ሆኖም የዛሬ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሥራ እስኪይዝ ድረስ የምርቱ መልክ መለወጡ አይቀርም። ደብዳቤ ማዘጋጀትን፣ ሰንጠረዥ መሥራትን፣ ፋይል በሥርዓት ማስቀመጥን በሚገባ የተማረ ግን በሌላውም ለመሥራት አይቸገርም።

በሌላ በኩል፣ ሶፍትዌሩ ነፃ ነው ማለት ወጪ የለም ማለት አይደለም። መብራት፣ ጥገናና ከሁሉ በላይ የሠለጠነ መምህር ያስፈልጋል። ሥልጠና ሳይሰጥ ሊኑክስን መጫን ያለ ምክር ማዳበሪያ እንደ ማደል ይቆጠራል። ስለዚህ ለፈቃድ ይውል የነበረው ገንዘብ ለመምህራን ሥልጠና ቢዞር የተሻለ ነው።

የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶችና የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ተባብረው በየወረዳው በአንድ ትምህርት ቤት ቢጀምሩ ሥራው ከባድ አይሆንም። የወላጆችና የመምህራን ኅብረትም ኮምፒዩተር ሲገዛ ወይም በእርዳታ ሲመጣ «ፈቃዱ ሲያልቅ ማን ይከፍላል?» ብሎ አስቀድሞ ቢጠይቅ መልካም ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ አንድ መምህር ያስተካከለውን ለአጎራባች ትምህርት ቤቶች ሁሉ ለማካፈል ክልከላ የሌለው በዚህ አሠራር ነው።