ዝናሙን የሚለካው ማን ነው?



ባለፈው ኅዳር ዳንግላ ወላጆቼን ልጠይቅ ሄጄ ሳለሁ፣ አንድ የሠፈራችን አዛውንት ያጨዱት ጤፍ ሳይከመር ዝናም ደረሰበት። «አንተ ልጅ፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ስለ ዝናም ትማራላችሁ ይባላል። ታዲያ ይህን ማን ይንገረን?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ይህን የምጽፈው ያ ጥያቄ የእኔ ብቻ ዕዳ አለመሆኑን ስለማምን ነው።

ዳንግላ ለመለካት አዲስ አይደለችም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1925 እስከ 1934 ቺዝማን የተባለ የእንግሊዝ ቆንሲል በዳንግላ ተቀምጦ ጣናንና ዓባይን እየዞረ ካርታ አነሣ። ያን ጊዜ እንግሊዞች ስለ ውሃችን ይጨነቁ የነበረው ለሱዳንና ለግብፅ እርሻ እንጂ ለአዊ ገበሬ ብለው አልነበረም። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው በዳንግላ ወረዳ፣ በዳንገሽታ፣ መለኪያውን ለባላገሩ ለራሱ ሰጡ። ገበሬው ዝናሙን፣ የወንዙንና የጕድጓዱን ውሃ ከፍታ እያነበበ መዘገበ። መዝገቡ ሲመረመር በሳተላይት ከሚገኘው የዝናም ግምት ይልቅ ታማኝ ሆኖ ተገኘ። ይህ ሥራ ያስመሰግናል። እኛን ግን ሊያሳፍረን ይገባል፤ ከኒውካስል ይልቅ ለዳንገሽታ የምንቀርብ እኛ ነንና።

«ሳተላይት እያለ የዝናም መለኪያ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። ሳተላይት ከላይ ሆኖ የደመናውን አናት ያያል እንጂ መሬት የነካውን ጠብታ አይቈጥርም። በተራራማ አገር አንዱ ጋራ ሲረጥብ ማዶው ደርቆ ይውላል። በአንድ ዞን ውስጥ እንጅባራ በጉም ስትሸፈን ጃዊ በቆላ ሙቀት ትነዳለች። ለባንጃ ድንች ተካይና ለጃዊ ሰሊጥ ዘሪ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ ማንበብ ለሁለቱም አለመናገር ነው።

ሌላው ደግሞ «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፤ ለሜትሮሎጂ ሰዎች ተዉት» ይላል። መሥሪያ ቤቱ በ1973 ዓ.ም. ራሱን ችሎ ከተቋቋመ ወዲህ ብዙ ሠርቷል። ከአሜሪካው የኮሎምቢያና ከእንግሊዙ የሪዲንግ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ተባብሮ የጣቢያዎቹን መዝገብ ከሳተላይት ጋር አዋሕዷል። እንግዲህ ባሕር ማዶ ካለ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተቻለው ከጎረቤት ጋር እንዴት ይከብዳል? ትንበያ ሰጪው የብዙ ዓመት መዝገብ አለው፤ ዩኒቨርሲቲው የሚመረምር አእምሮ አለው፤ ገበሬው ማሳና ትዝታ አለው። ሦስቱ ተለያይተው ሲቀመጡ ሁሉም ድኻ ነው።

ጥፋቱን በሌላ ላይ ብቻ አንጫነው። እኛ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ ማመልከቻ ይዘን ባሕር ዳር ወዳለው የሜትሮሎጂ ማዕከል እንሄዳለን፤ አኃዙን ተቀብለን እንመጣለን፤ ጽሑፋችን ታስሮ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ያገኘነውን ለሰጠን ሰው ስንቶቻችን መልሰን አሳየን? የጤፉን መበላሸት ከዓመት በኋላ በሠንጠረዥ ማስረዳት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። በአዳራሽ የሚፈረም የመግባቢያ ሰነድም ጠዋት በሦስት ሰዓት መለኪያውን የሚያነብ ሰው ካልቆመለት ወረቀት ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። አንደኛ፣ በየወረዳው ባሉት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የዝናም መለኪያ ይተከል፤ ተማሪው ያንብብ፤ የማዕከሉ ባለሙያ ይቈጣጠር፤ ዩኒቨርሲቲው ይመርምር። ሁለተኛ፣ ትንበያ ሰጪዎች በክፍላችን ያስተምሩ፤ እኛም ክረምቱን ከጣቢያ እንዋል። ሦስተኛ፣ በዞኑ ላይ የተጻፈ ማንኛውም ጥናት አጭር ቃሉ በአማርኛና በአዊኛ ተጽፎ ለማዕከሉና ለገበሬው ይመለስ፤ ሳይመለስ ማንም አይመረቅ።

የአየር ንብረት ለውጥ ማለት ቢያንስ የ30 ዓመት መዝገብ አማካይ ሲታይ የሚታወቅ ነገር ነው። ዛሬ ያልተለካ ዝናም ነገ በገንዘብም በዲግሪም አይገዛም። ዛሬ መለኪያውን ብንተክል የ30 ዓመቱን አማካይ የሚያሰሉት ልጆቻችን ይሆናሉ። ካልተከልን እነርሱም እንደ እኔ፣ ጤፉ የራሰበት ሽማግሌ ፊት አንገታቸውን ደፍተው ይቆማሉ።

መለኪያው ይተከል! መዝገቡ ይከፈት!